ትምህርት፦ አብረውን ከሰሩት ጋር በመልካም ስለ መለያየት

ውድ እህቶቼ፣ ኮንትራት ላይ ያላችሁ፣ ፍሪላንስ የምትሰሩ፣ እሁድ መውጣት ስለማይፈቀድላችሁ ይህን ወረቀት በጓደኛ እጅ ተቀብላችሁ ማታ የምታነቡ፣ ሁላችሁንም ሰላም እላለሁ።

በመካከላችን ስለ አመጣጣችን ብዙ እናወራለን። ስለ ኮንትራት፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ፓስፖርት፣ ስለ ኢቃማ ሳንነጋገር የምናልፈው እሁድ የለም። ስለ አካሄዳችን ግን እምብዛም አንነጋገርም። መሄድ ማለት ሻንጣ መግዛትና ቲኬት መቁረጥ ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። እኔ ቤይሩት የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስንቱን ሸኝቻለሁ! አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው፣ አምስት ሳምንት ቀርቶኛል። ስለዚህ አብረውን ከሰሩት ሰዎች ጋር እንዴት እንሰነባበት የሚለውን ከሸኘኋቸው የተማርኩትንና አሁን ራሴ እያደረግሁት ያለውን ላካፍላችሁ ፈለግሁ።

1. ቃሉ ራሱ ምን ይላል?

እኛ ስንለያይ የምትሄደዋ የምትቀረውን «ደህና ሰንብቺ» ትላታለች። ሰነበተ ማለት ቀናትን ቆየ ማለት ነው፣ ሰንበት ከሚለው ቃል ጋር ቤተሰብ ነው። ልብ በሉ፣ ቃሉ የሚመርቀው የምትሄደዋን አይደለም። ቀሪዋን «ቀኖችሽ ደህና ይሁኑ» ነው የሚላት። እንግዲህ አባቶቻችን ስንብት በቅድሚያ ለሚቀረው ሰው እንደሆነ አውቀው ነው ማለት ነው። የምትሄደዋማ መንገዱም፣ ሀገሩም፣ የእናቷ ደጅም ይጠብቃታል። የምትቀረዋ ነች በማግስቱ በዚያው ማጀት ለብቻዋ የምትቆመው።

እኔ በምሰራበት ቤት ሦስት ነበርን። ምግብ የምትሰራው ስሪላንካዊት ናት፣ እኔ ከመጣሁ ጀምሮ እስከ ዛሬ አብረን ነን። በስሟ ጠርቻት አላውቅም፣ በእነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት «አካ» ስለምትባል አካ እላታለሁ። ልጆቹን ታሳድግ የነበረችው ደግሞ ፊሊፒናዊት ነበረች። በእነሱም ታላቅ እህት «አቴ» ትባላለች። እኛ «እቴ» እንደምንለው ዓይነት ስለሆነ መጀመሪያ ስሰማው አማርኛ የምትችል መስሎኝ ነበር!

አካ ከቤት ስትወጣ «ጊሂን ኤንናም» ትላለች፣ ሄጄ እመጣለሁ ማለት ነው። እሄዳለሁ ብሎ ብቻ መውጣት በእነሱ ዘንድ ደስ አይልም። ባንግላዴሾቹም ሲሄዱ «አሺ» ይላሉ፣ እመጣለሁ እንደማለት ነው። ፊሊፒኖች «ኢንጋት» ይላሉ፣ ተጠንቀቂ፣ ራስሽን ጠብቂ ማለት ነው። ኬንያዎቹ «ኳሄሪ» ካሉ በኋላ «ቱታኦናና» ይጨምራሉ፣ እንተያያለን ማለት ነው። የሀገሩ ሰዎች ደግሞ የሚሄደው «ብኻጥሪክ» ይላል፣ በፈቃድሽ እንደማለት ነው፤ የሚቀረው «መዓ ሰላሜ» ይላል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ እርስ በርስ የምንግባባበት ዓረብኛ ከማዳሞች የተማርነው ነው። ታዒ፣ ጂቢ፣ ሹፊ፣ ነድፊ! ከትእዛዝ የተሰራ ቋንቋ ነው። ፊዳ ቢዝሪ የሚባሉ የቋንቋ ምሁር በዚሁ በሊባኖስ ስሪላንካውያን ሠራተኞችና ማዳሞች የሚነጋገሩበትን ዓረብኛ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2010 «ፒጅን ማዳም» ብለው መጽሐፍ አውጥተውበታል። በትእዛዝ ቋንቋ ለአስር ዓመት አብሮ መስራት ይቻላል። መሰነባበት ግን ያስቸግራል። ለምን ቢባል የምስጋናና የይቅርታ ቃል ማንም አላስተማረንም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ አብራችሁ ከሰራችው ሴት ቋንቋ ቢያንስ አንድ የስንብት ቃል ተማሩ። በእኛው ፊደል ጽፋችሁ ያዙትና በመጨረሻው ቀን በእሷ አፍ ተናገሩት። ምንም ወጪ የለውም፣ እሷ ግን ሀገሯ ድረስ ይዛው ትሄዳለች።

2. መሄዳችንን መቼ እንናገር?

ቀድሞ መናገር ጥሩ ነው። አብራችሁ የምትሰራው ሴት ሐሳቧን እንድታዘጋጅ፣ ሥራው ሁሉ በአንድ ቀን እሷ ላይ እንዳይወድቅ ይረዳታል። እኔ ለአካ የነገርኳት ለማዳም ከመናገሬ በፊት ነው። ሦስት ቀን ዝም ብላ ከረመችና «ሽንኩርት አሁን ማን ይልጥልኛል?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፣ ሁለታችንም አለቀስን። ሽንኩርት ሳይላጥ!

ነገር ግን መጠንቀቅ ያለብን ጊዜ አለ። ደመወዛችሁ ያልተከፈለ፣ ፓስፖርታችሁ በእጃችሁ ያልገባ ከሆነ ወሬው ከእናንተ በፊት ማዳም ጆሮ እንዳይደርስ፣ ለአንዲት ለምታምኗት ብቻ ንገሩ። ከዚህም የከበደ አለ። በድብደባና በረሃብ ምክንያት ከቤት ለመውጣት የተገደደች እህት ለሥራ ጓደኛዋ ቀን ቆርጣ ባትናገር የሚሻል ጊዜ አለ። ይህ ክህደት አይደለም። እሷ በወጣች ማግስት መጀመሪያ የምትጠየቀው፣ የምትጮህባት፣ ስልኳ የሚበረበረው ያቺ የቀረችው ናት። ያላወቀችውን ነገር ተጠይቃ አታወጣም። እንዲህ ያለችው እህት ስንብቷን በኋላ በሰው በኩል ትላክ፦ «ደህና ነኝ፣ ያልነገርኩሽ እንዳትጎጂ ብዬ ነው» ትበላት። ይህ መልእክት እንዳይቀር አደራ! ሳትሰማ የቀረች ሴት ለዓመታት «ምን አድርጌያት ይሆን?» እያለች ትኖራለችና።

3. ሂሳብ መዝጋት

ብዙ ወዳጅነት የሚበላሸው በመጨረሻው ሳምንት ነው፣ የሚያበላሸውም ገንዘብ ነው። እቁብ የምትጥሉ ከሆነ መሄዳችሁን ለሰብሳቢዋ አስቀድማችሁ አሳውቁ። እቁቡ ከወጣላችሁ ቀሪውን ጥላችሁ ወይም ዋስ አቁማችሁ ሂዱ። ካልወጣላችሁ እስከዚያ የጣላችሁትን እንዴት እንደምትቀበሉ በሰው ፊት ተነጋገሩ።

የብድር ነገር በዚህ ሀገር ልዩ ጣጣ አለው። ታስታውሳላችሁ፣ ከ20 ዓመት በላይ አንድ ዶላር 1,507 ሊራ ተኩል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ሊራው ወደቀ፣ ዛሬ አንድ ዶላር 89,500 ሊራ ገደማ ሆኗል። በአንድ ወቅት ሁለት እህቶች ለሽምግልና ወደ እኔ መጥተው ነበር። አንደኛዋ በ2018 ለሌላዋ 300,000 ሊራ አበድራታለች። ያኔ 200 ዶላር ገደማ ነበር። ተበዳሪዋ ሀገር ልትገባ ስትል 300,000 ሊራ ቆጥራ ሰጠቻት። ያ ገንዘብ በዚያ ቀን አራት ዶላር እንኳን አይሞላም! ወረቀቱ ልክ ነው፣ ቁጥሩም ልክ ነው፣ ልብ ግን ልክ አይደለም ይላል። ተቀምጠን ተነጋገርን፣ ቡና ተፈላ። በመጨረሻ በብድሩ ቀን በነበረው ዋጋ 200 ዶላሩን በሁለት ጊዜ እንድትከፍል ተስማሙና ተቃቅፈው ተለያዩ። እህቶቼ፣ የተበደራችሁት ላባችሁን ከሚያውቅ ሰው ነው። እሷ ስንት መስኮት ወልውላ እንዳገኘችው ታውቃላችሁ። በዚያ ልክ መልሱ።

ከአሰሪ ጋር ያለውንም ሂሳብ ቢሆን የሥራ ጓደኞቻችን ይመለከታቸዋል። የሊባኖስ የ1946 የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጪ አድርጓል። ስለዚህ ኩዌት እንዳሉት እህቶቻችን በሕግ የተጻፈ የአገልግሎት ክፍያ የለንም። እነሱ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ሕግ ቁጥር 68 መሠረት ሥራ ሲጨርሱ ለያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ይገባቸዋል። እዚህ ግን የተቀበልነውንና ያልተቀበልነውን የምታውቅልን ምስክር አብራን የምትሰራዋ ብቻ የሆነችበት ቤት ብዙ ነው። በሄድን ጊዜ ለቀሪዋ እውነቱን እንንገራት፦ ስንት ይከፈለኝ ነበር፣ ስንት ቀረብኝ፣ ስንሄድ ምን ተሰጠኝ። ይህ ሐሜት አይደለም፣ ለእሷ ተራ ስንቅ ነው።

4. በመካከል ያለውን ነገር ማንሳት

ይህ ከሁሉም ከባድ ነው። አብሮ የሰራ ሰው ሳይጋጭ አይቀርም። ነገር ግን አንዳንዱን ጠብ እኛ አላመጣነውም፣ ቤቱ ያመጣብን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በምሰራበት ቤት የወርቅ አምባር ጠፋ። ማዳም እኔንና አካን ለየብቻ እየጠራች ጠየቀችን። ከዚያ እንዳንነጋገር አዘዘች፣ መኝታችንንም ለየች። ከሁለት ወር በኋላ አምባሩ በራሷ የክረምት ካፖርት ኪስ ውስጥ ተገኘ። ይቅርታ የጠየቀን የለም። እኔና አካም ወደ ሥራችን ተመለስን። ስለ አምባሩ ግን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። ጉዳዩ እንደ ተዘጋ ክፍል ቀረ፣ በደጁ እናልፋለን እንጂ አንገባበትም።

ታዲያ መሄጃዬ ሲቀርብ ይህን ይዤ መሄድ አልፈለግሁም። አንድ ማታ ሳህን እያጠብን «አካ፣ ያን አምባር ታስታውሽዋለሽ?» አልኳት። እጇን ከውሃው አወጣችና አየችኝ። «ማዳም ስትጠይቀኝ እሷ እንዲህ አታደርግም፣ ከፈለግሽ የእኔን ሻንጣ ፈትሺ ነው ያልኳት» አለችኝ። እህቶቼ፣ እኔም በሌላው ክፍል ያልኩት ቃል በቃል ይህንኑ ነበር። ሁለታችንም አንዳችን ለአንዳችን ቆመን ነበር፣ ሁለታችንም ሳናውቅ ያን ሁሉ ዓመት ኖርን። ሳልጠይቅ አውሮፕላን ብሳፈር ኖሮ ይህን ሳላውቅ እሞት ነበር።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። አጥፍታችሁ ከሆነ ይቅርታ ጠይቁ፣ ተበድላችሁ ከሆነ ንገሯትና ይቅር በሉ፣ ያልገባችሁ ነገር ካለ አንሱት። በዓረብኛ «ሳምሂኒ» ማለት ይቅር በይኝ ነው። ማዳሞች ያላስተማሩን ቃል ይህ ነው፣ እርስ በርሳችን እንማማረው። የምታነሱት ግን በመጨረሻው ሌሊት አይሁን። የመጨረሻው ሌሊት ለቅሶና ሻንጣ ነው፣ ነገር ለመፍታት ጊዜ አይሰጥም።

5. ሥራውን ማስረከብ

በእናንተ ቦታ አዲስ ልጅ ትመጣ ይሆናል። ከተገናኛችሁ ጥሩ፣ ካልተገናኛችሁ ለሥራ ጓደኛችሁ ንገሩና እሷ ትንገራት። እኔ የቤቱን ቴታ ነው የምንከባከበው። የትኛው መድኃኒት ጠዋት፣ የትኛው ማታ እንደሆነ ማንበብ ባትችልም እንድትለየው በሣጥኑ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ስዬበታለሁ። ቴታ በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ፣ ስትቆጣ ምን እንደሚያበርድላት ለአካ አሳይቻታለሁ። ስለ ቤቱም ለአዲሷ ልጅ ልኩ ይነገራት። አታስፈራሯት፣ ስኳርም አትቀቡላት። ክፉው ምን እንደሆነ፣ ደጉ ማን እንደሆነ፣ የሕንፃው ናጡር የሚታመን መሆን አለመሆኑን፣ በፊት ለፊቱ ሰገነት አማርኛ የምትናገር ልጅ መኖሯን ትወቅ። ለአዲስ ሰው ይህ ከወርቅ ይበልጣል።

ከናጡሩ፣ ከሾፌሩ፣ ዕቃ ከሚያመላልሰው ልጅም ጋር ተሰነባበቱ። እነሱም አብዛኞቹ እንደኛ ከሰው ሀገር የመጡ ናቸው፣ ማንም አይሰናበታቸውም። በሰገነት ብቻ የምታውቋትን ጎረቤትም አትርሱ።

6. አደራ፦ የምንቀበለውና የማንቀበለው

ሀገር የምትገባ ሰው ዘንድ ሁሉም ይመጣል። «ይህችን ለእናቴ፣ ይህችን ለልጄ።» ደስ ይላል፣ እኔም ስንቴ ልኬያለሁ። ነገር ግን ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የታሸገ ዕቃ ሳይከፈት አትቀበሉ፣ እህታችሁ ብትሆንም ፊታችሁ ትክፈተው። ኤርፖርት ላይ ተጠያቂው ሻንጣውን የያዘው ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ገንዘብ ከተቀበላችሁ የሰጪዋንና የተቀባዩን ስም፣ መጠኑንም ጽፋችሁ ሁለታችሁም ያዙት። ሦስተኛ፣ የማትችሉትን «እሺ» አትበሉ። «ቤተሰብሽን ሄጄ አያለሁ» ብሎ ሳይሄዱ መቅረት ቀሪዋን ይጎዳታል። በየሳምንቱ ስልክ ደውላ «መጣች?» ብላ እናቷን ትጠይቃለች። «መንገዱ ሩቅ ነው አልችልም፣ ግን ለእናትሽ ደውዬ ሰላምታሽን አደርሳለሁ» ማለት ይሻላል። ትንሽ ቃል ገብቶ መፈጸም ትልቅ ነው።

ለሽኝት የሚዋጣውንም በልክ ይሁን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይዋጣና ቡናው ይፈላ፣ ፈንዲሻው ይበተን፣ ምርቃቱ ይደረግ። ደመወዝ ያልተከፈላትን እህት ግን መዋጮ ብላችሁ አታሳቅቋት።

7. ለመሰናበት ጊዜ ሳይሰጠን ቢቀርስ?

ይህ በእኛ ላይ ሲደርስ አይተናል። በ2006ቱ ጦርነት በ34 ቀን ውስጥ ስንቱ ተበተነ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 2010 ከቤይሩት የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 ባሕር ውስጥ ወድቆ የነበሩት 90 ሰዎች በሙሉ አልቀዋል። ከመካከላቸው እንደኛ ሰርተው ወደ ሀገራቸው የሚመለሱ እህቶች ነበሩ። በ2020 ደግሞ ኑሮው ሲከብድ አንዳንድ አሰሪዎች ሐዝሚዬ ባለው የቆንስላችን ደጃፍ ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው አውርደው ጥለው ሄዱ። ኦገስት 4 የወደቡ ፍንዳታ ተከተለ። በ2024ቱ ጦርነትም አሰሪዎቻቸው ሸሽተው ብቻቸውን የቀሩ ነበሩ። ከእነዚህ ስንቶቹ ናቸው አብራቸው የሰራችውን ሴት «ደህና ሰንብቺ» ለማለት የታደሉት?

አቴም የሄደችው በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ነው። ሌሊት ከእኛ ጋር እራት በልታ ሳህን ስታጥብ ማዳም መጣችና «ነገ ጠዋት በረራሽ ነው፣ ሻንጣሽን አዘጋጂ» አለቻት። ልጆቹ ተኝተዋል፣ እንዳትቀሰቅሳቸው ተነገራት። አቴ ግን አልተደናገጠችም። የሩዝ መቀቀያዋን ለአካ፣ ወፍራም ሹራቧን ለእኔ ሰጠች። የእናቷን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋ ለሁለታችንም አደለች። ከዚያ ትንሹ ልጅ ያለ እሷ ዘፈን እንቅልፍ ስለማይወስደው ስልኬን ተቀብላ ማጀት ገባችና በሹክሹክታ ዘፈነችለት፣ እኔ ቀዳሁት። ለሁለት ወር ያህል ማታ ማታ እያሰማሁ አስተኝቼዋለሁ። አቴን ያገኘሁት በዚያችው ወረቀት ነው፣ ዛሬም እንደዋወላለን።

ከእሷ የተማርነው ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ መኖርን ነው። ሦስት ነገር ዛሬውኑ አድርጉ፦ የሀገር ቤት ስልክ ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ለሥራ ጓደኛችሁ ስጡ፤ የእዚህ ስልክ ካርድ ካልተሞላ ይዘጋል፣ ዋትስአፑም ኢሞውም ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ብድራችሁን ጽፋችሁ ያዙ። ማመስገን ያለባችሁን ሰው ደግሞ ለመጨረሻው ቀን ሳታቆዩ አመስግኑ።

8. ለምትቀሩት

ሽኝት ሲደጋገም ልብ ይደክማል። አንዳንዶች «ከእንግዲህ ማንንም አልለምድም» ይላሉ። አልፈርድባቸውም። ነገር ግን አብራኝ የሰራችውን አለመልመድ ከመለያየቱ ሐዘን አያድንም፣ አብሮ የመኖሩን ደስታ ብቻ ያስቀራል። ጓደኛችሁ በሄደች ሰሞን ለብቻችሁ አትዋሉ። የምትወጡ እሁድ ወደ ኅብረታችን ኑ፣ የማትወጡ በስልክ አግኙን። ሄዳ ስልክ ብታዘገይ ቶሎ አትቀየሙ። ሀገር መግባትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ወሩ እስኪሞላ ታገሷት።

ለመወያያ

ሀ. አብራችሁ የምትሰራው ሴት በቋንቋዋ «ደህና ሰንብቺ» እንዴት ትላለች? ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?
ለ. ዛሬ ማታ «ነገ በረራሽ ነው» ብትባሉ ለማን ምን ሳትሉ ትቀራላችሁ?
ሐ. በሊራ የተበደራችሁት ወይም ያበደራችሁት ካለ እንዴት ትጨርሱታላችሁ?
መ. ከሥራ ጓደኛችሁ ጋር ሳታነሱት የቀራችሁት ነገር አለ? ቤቱ ያመጣው ነው ወይስ የራሳችሁ?

እህቶቼ፣ ከእናንተ ጋር ገና አምስት እሁድ አለኝ። የሚሰጠኝ አደራ ካለ ዕቃው ተከፍቶ ይምጣ! ለአካ «ጊሂን ኤንናም» የሚለውን እየተለማመድሁ ነው፣ አንደበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ትስቅብኛለች። ለእናንተ ግን በራሳችን ቋንቋ እላለሁ፦ ደህና ሰንብቱ፣ ቀኖቻችሁ ደህና ይሁኑ። እግዚአብሔር በቸር ያገናኘን።